ደረቅ በረዶ አይከደንም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለልጆቹ የደረቅ በረዶ ሙከራ ልታሳዪ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ዳሩ ግን ወንድምሽ በላከልኝ ቪዲዮ በረዶውን የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ከተሽ ክዳኑን ስታጠብቂ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ፣ አይከደንም።

ደረቅ በረዶ ማለት ቀዝቅዞ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ 100 ግራሙ ሲተን ከ50 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል። የ2 ሊትር ጠርሙስ ይህን አይችልም፤ ይፈነዳል፣ መቼ እንደሚፈነዳም አይታወቅም። ጠጋ ብሎ የሚያየው ደግሞ ሕፃን ነው። በረዶውን የምትይዢበትን የኩለር ሳጥንም ክዳኑን ጣል አድርጊበት እንጂ አትቆልፊው።

በረዶውን ውሃ ውስጥ ስትጨምሪ የሚወጣው ጭጋግ ቶሎ ከጠፋብሽ ውሃው ቀዝቅዞ በረዶውን ስለሸፈነው ነው፤ ደፍተሽ ሞቅ ያለ ውሃ ቀይሪ። ልጆቹ ጭስ ይሉታል። የሚያዩት በቅዝቃዜው የተፈጠረ የውሃ ጠብታ ነው፤ ጋዙ ራሱ አይታይም።

ከሙከራዎቹ ሁሉ የምወደው የቀይ ጥቅል ጎመኑን ነው። ከትፈሽ ቀቅዪና አጥልዪው። በጣት ቆንጥረሽ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ስትጨምሪበት ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከዚያ በመቆንጠጫ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ደረቅ በረዶ ጣይበት፤ ጋዙ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ አሲድ ስለሚሆን ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ይመለሳል። ሶዳው ከበዛ ግን ብትጠብቂም አይለወጥም። አፉ ክፍት ብርጭቆ ተጠቀሚ፤ አይከደንም ብያለሁ።

ምድር ቤት መሆኑ አሳስቦኛል። ነሐሴ 1986 እንደ ፈረንጆቹ፣ ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ ሥር የተጠራቀመ ይኸው ጋዝ በሌሊት ወጥቶ ሸለቆውን ይዞ ወረደ፤ ወደ 1,700 የሚጠጉ ሰዎች ከነከብቶቻቸው ታፍነው አለቁ። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል፤ ልጅ ደግሞ ቁመቱ አጭር ነው። ከ1 ኪሎ በላይ አታስገቢ፣ መስኮትና በሩን ክፈቺ፣ ልጆቹን ወለል ላይ አታስቀምጪ። በረዶውን ስታመጪም የመኪናሽን መስኮት ክፈቺ።

ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ነው። ስስ የላስቲክ ጓንት አያድንሽም፤ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርጊ። ስትሰባብሪው በፎጣ ጠቅልዪው፣ መነጽርም አትርሺ። ነገሩን በዓይንሽ ሳታዪ እንደማታምኚ አውቃለሁ፤ ልጆቹንም እንዲሁ ስታስተምሪ ማየት ያኮራኛል። በእጃቸው ግን አይንኩት፣ አፋቸው ውስጥም አይግባ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም፣ ተቆጪ።

የተረፈውን ሲንክ ውስጥ አትድፊ፤ ቧንቧው ይሰነጠቃል። ቆሻሻ ቅርጫትም ሆነ ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። ልጆች የማይደርሱበት ደጅ አውጥተሽ ሳትከድኚው ተዪው፣ በራሱ ተኖ ያልቃል።

አባትሽ