ጉሎውን የነቀልነው ሒሳብ ስለምናውቅ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ባዮዲዝል፣ ማለትም ከተክል ዘይት ስለሚሠራ ናፍጣ፣ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ነዳጅ ወጪ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ታዳሽ ኃይል ብዙ ብሏል። በዚያ አልጣላም። ወላይታ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ነገር ጣል አድርጎ አለፈ። ዘይቱ ለባዮዲዝል ይሆናል ተብሎ የተጀመረው የጉሎ ልማት የከሸፈው ገበሬው ግንዛቤ ስላነሰውና ትዕግሥት አጥቶ ተክሉን ስለነቀለው ነው ይላል። ለዘገባው ባለሙያ ተጠይቋል፣ ባለሀብት ተጠይቋል፣ የመንግሥት ኃላፊ ተጠይቋል። ገበሬ ግን አንድም አልተጠየቀም።

ጉሎውን ከነቀሉት አንዱ አባቴ ነው። እኔም አብሬው ነቅያለሁ።

ለመሆኑ የወላይታን ሴት ስለ ጉሎ ማን ነው ግንዛቤ የሚያስጨብጣት? ጉሎ ድሮም አጥራችን ጥግ አለ። እናቴ ፍሬውን ቆልታና ወቅጣ ምጣድ ታስስበታለች። ዘለላው እኩል እንደማይደርስ ታውቃለች። የደረሰው ቶሎ ካልተለቀመ ፀሐይ ሲመታው እየፈነዳ ፍሬው መሬት ላይ እንደሚበተን ታውቃለች። መርዝ እንደሆነም ታውቃለች። እሷ የምታውቀውን ያህል ያላወቀው ማሳ ሙሉ ጉሎ ዝሩ ብሎ የመጣው ሰውዬ ነው። አንድን ማሳ ደጋግሞ የሚለቅም፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ የሚፈለፍል ጉልበት ከየት እንደሚመጣ አላሰበበትም።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ላስታውሳችሁ። በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የባዮፊውል፣ ማለትም ከተክል የሚገኝ ነዳጅ፣ ስትራቴጂ አወጣ። ለባዮዲዝል ተክል የሚሆን ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት አለ ተባለ። ወላይታ ግን በአገሪቱ ሰው እጅግ ከተጨናነቀባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። የብዙ ቤተሰብ መሬት ግማሽ ሄክታር አይሞላም። በዚያች መሬት ላይ እንሰቱ፣ ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹ፣ በቆሎውና ቦሎቄው ተፋፍገው ነው የሚኖሩት። ትርፍ የሚባል ነገር የለም።

አንድ ኩባንያ እኛም ቀበሌ መጣ። ዘር ሰጠ፣ ምርቱን በሙሉ እገዛለሁ ብሎ አስፈረመ። ጉሎ ጭንጫ መሬት ላይም ይበቅላል አሉን። መብቀሉንስ ይበቅላል፤ ደህና ምርት ግን አይሰጥም። ስለዚህ አባቴ በቆሎ ከሚዘራበት ደህና መሬት ከፍሎ ሰጠው። ልብ በሉ፣ ይህን ያደረገው ሰዎቹን አምኖ ነው። ትዕግሥት የለውም የተባለው ሰው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የበልግ ዝናብ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ወላይታ ውስጥ የነበረውን ረሃብ የእናንተም ጋዜጠኞች ያስታውሱታል። ረሃቡን ጉሎ አመጣው አልልም፣ እንዲያ ማለት ውሸት ነው። ዝናቡ ቀርቷል፣ እህልም ሰማይ ነክቷል። ጉሎ ያልዘራውም ተርቧል። ነገር ግን ጥቂት ዝናብ ያገኘ በቆሎ እሸት ይሰጣል፤ እሸት ባይሰጥ እንኳ አገዳው ለከብት ይሆናል። ጉሎ በችግር ቀን አይቀመስም። ገበያ ይዘኸው ብትወጣም ከዚያ ኩባንያ በቀር በጆንያ የሚገዛህ የለም። ኩባንያው ደግሞ አንዴ መጥቶ ከተስማማነው ባነሰ ዋጋ ወሰደ፣ ከዚያ በኋላ ጠፋ። የቀረው ጉሎ በጆንያ ሆኖ ቤታችን ጓዳ ተቀመጠ። እናቴ ሕፃናቱ እንዳይደርሱበት ሰሌን ደራርባበት፣ በሩን በገመድ እያሰረች ነበር ገበያ የምትወጣው። የፈረምነው ውል ቅጂ እንኳ እጃችን ላይ ስላልነበር ማንን ይዘን እንክሰስ?

አሁን ወደ ዘገባችሁ ሒሳብ ልምጣ። የጉሎን የኩንታል ዋጋ ከበቆሎ የኩንታል ዋጋ ጋር አወዳድራችሁ ጉሎ ያዋጣል አላችሁ። አገዳውንስ የት ጣላችሁት? ወላይታ በሬ አድልቦ የሚሸጥ ሕዝብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የምትበሉት ሰንጋ የበቆሎ አገዳ በልቶ ነው ያደገው። የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ ለከብት ይሰጣል፤ የጉሎ ፋጉሎ ግን መርዙ ካልወጣለት ከብቱን ይገድለዋል። ስለዚህ በቆሎ የሚዘራ ሰው እህልም መኖም ያገኛል። ጉሎ የሚዘራ ሰው ያለው ፍሬው ብቻ ነው፣ እሱም ገዢ ከመጣ። ይህን አባቴ ያለ እርሳስና ወረቀት አስልቶ ነው ጉሎውን የነቀለው። ጋዜጣችሁ ከነባለሙያው ሳተው።

የዓለም ገበያስ? ሐምሌ 2000 ላይ አንድ በርሜል ነዳጅ 147 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ግማሽ ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2001 ላይ፣ ከ40 ዶላር በታች ወረደ። በውድ ነዳጅ ላይ የቆመ የባዮዲዝል ንግድ ሁሉ መሬት ተናጋበት። የጉሎ ዘይት ደግሞ ወፍራም ነው። ለማሽን ቅባት፣ ለመድኃኒትና ለመዋቢያ ስለሚፈለግ ብዙ ጊዜ ዋጋው ከተራ የምግብ ዘይት ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ዘይት ናፍጣ አድርጎ ማቃጠል ማንን ነው የሚያዋጣው? ይህ ሁሉ እያለ ገበያው ሲወርድ የጠፋውን ባለሀብት "የገበያ ሁኔታ አስገድዶት" አላችሁት። እኛን ግን አላዋቂ አላችሁን። አንድ ኪሳራ ለእሱ ሲሆን ገበያ፣ ለእኛ ሲሆን ድንቁርና የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ባዮፊውልን አልጠላም። ፊንጫአ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል ሲያመርት ቆይቷል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መቀላቀል ተጀመረ፣ በኋላም 10 በመቶ ደረሰ። ሞላሰሱ ከስኳሩ የሚተርፍ ስለሆነ ለእሱ ተብሎ የማንም በቆሎ አልተነቀለም። ዘገባችሁ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ፣ የኢታኖሉን ውጤት ይዞ ጉሎው እንደገና ቢሞከር ያዋጣል ወደሚል ሄደ።

እንደገና ከተሞከረ የሚጻፍ ጥያቄ አለ። ገዢው ቢቀር የገበሬውን ዓመት ማን ይከፍላል? የውሉ ቅጂ በገበሬው እጅ፣ እሱ በሚያነበው ቋንቋ ይሰጠዋል ወይ? ለመኖው ምን ታስቧል? እነዚህን ሳትጠይቁ ስለ ግንዛቤ ማውራት ሥራችሁን መተው ነው።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ገበሬው በግንዛቤ ማነስ ነቀለው የሚለውን እርማት አውጡበት፣ ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ። ጋዜጠኛም ላኩ። ፈርመው ጉሎ የዘሩትን ሰዎች፣ አባቴን ጨምሮ፣ እኔ ራሴ አገናኛችኋለሁ።

የገበሬ ልጅ፣ ከወላይታ ሶዶ