ሽሮውና የፓርኪንሰን ክኒን በአንድ በር ይጋፋሉ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የፓርኪንሰን ሕመምተኞችና አስታማሚዎቻቸው «ክኒኑ አልሠራ አለ» ብለው መጠኑን ለማስጨመር ከመሮጣቸው በፊት ሰዓቱንና ገበታውን እንዲመለከቱ ይህን ጽፈናል።

በዚህ ሕመም አንጎል ውስጥ የሚጎድለው ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ነው። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል ስለማያልፍ ሌቮዶፓ ይታዘዛል። ሌቮዶፓ አሚኖ አሲድ ነው፤ በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያለው ላት-1 የተባለ አጓጓዥ ፕሮቲን ተቀብሎ ያሳልፈዋል። በዚያው ክኒን ውስጥ ያለው ካርቢዶፓ ግን አያልፍም፤ ሥራው ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ ወደ ዶፓሚን ተለውጦ እንዳይባክንና እንዳያቅለሸልሽ መጠበቅ ነው። ለዚህም በቀን ቢያንስ ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ካርቢዶፓ ያስፈልጋል።

ላት-1 ግን ለሌቮዶፓ ብቻ አይሠራም። ከምግብ ፕሮቲን የሚገኙት ሉሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና መሰል አሚኖ አሲዶችም የሚያልፉት በእሱ ነው፤ ሽሚያው ገና አንጀት ላይ ይጀምራል። «ጾም ነው፣ ሥጋ የለም፣ ስለዚህ ችግር የለም» የሚሉ አሉ። ሽሮው፣ ምስሩና ክኩስ ፕሮቲን አይደሉም እንዴ?

  

ስለዚህ ሌቮዶፓ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከ1 እስከ 2 ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ይመረጣል። የሚያቅለሸልሸው ሰው ትንሽ ደረቅ ዳቦ ይቅመስበት፤ ወተት ግን አይሆንም። ሕመሙ ገና ጀማሪ ከሆነ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል። መድኃኒቱ በቀን ውስጥ አንዴ እየሠራ አንዴ የሚጠፋባቸው ሰዎች ግን ሥጋውንና ጥራጥሬውን ወደ ራት ቢያዛውሩ ብዙ ጊዜ ይረዳቸዋል። ፕሮቲን ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ ያከሳል፣ ጡንቻም ያሳሳል። ክኒኑን ጾም እስኪፈታ እያሉ ማዘግየት ሰውነት እንዲገትርና እንቅስቃሴ እንዲከብድ ያደርጋል፤ በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ከባድ ትኩሳትና የጡንቻ መገተር ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ሐኪም አይሞከርም።

የብረት ክኒን ሌቮዶፓን አንጀት ውስጥ ስለሚይዘው ቢያንስ በ2 ሰዓት ይራራቁ። ባቄላ፣ በተለይ እሸቱ፣ በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለው፤ መጠኑ ግን ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ በክኒን ምትክ አይበላም፤ አዘውትሮ የሚበላ ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

የፋርማሲ ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ