ትልቁን ጊታር እንዳትሸጪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ቤቱ ሰላም ነው።

ወንድምሽ ለጥምቀት መጥቶ ያንቺን ነገር ሁሉ አጫወተን። ስለ ሥራሽ፣ ስለምታስተምሪያቸው ልጆች፣ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞችሽ ጋር ስለምትጫወቱበት ቤት ሲያወራ እናትሽ ደስታዋን አልቻለችውም። ሲመሽ ግን እኔ ያለሁበት ሱቅ ድረስ መጣና ለእሷ ያልነገራትን ነገረኝ። ቀኝ ትከሻሽን እንደሚያምሽ፣ ተጫውተሽ ስትነሺ ክንድሽን ማንሳት እንደሚያቅትሽ፣ አከራይሽም ማታ ማታ ድምፁ በዛ እያሉ በር እንደሚያንኳኩብሽ። ከዚያ ደግሞ ትልቁን ጊታር ሸጠሽ በምትኩ ትንሽ ልትገዢ ገዢ እያፈላለግሽ ነው አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ትንሽ ጊታር ያስፈልግሻል፤ በዚህ አልከራከርሽም። ትልቁን ግን እንዳትሸጪው።

በመጀመሪያ ስለ ትከሻሽ። ሌሊት እጅሽ የሚደነዝዝ፣ ጣትሽን የሚወርርሽ ከሆነ ይህ የጊታር ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ነገ ዛሬ አትበይ። ሥራ በዝቶብኛል የምትይውን እኔ አልሰማም። የሚያምሽ ስትጫወቺ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ አይጠፋኝም። ቁመትሽ በእናትሽ ወጥቶ አጠር ያለ ነው፤ ጊታርሽ ደግሞ ድሬድኖት የሚሉት ቅርጽ ነው። ሆዱ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቀቱም 12 ሴንቲ ገደማ ነው። ያን ሳጥን አቅፈሽ ክሩ ላይ ለመድረስ ትከሻሽን ወደ ላይ ሰቅለሽ ነው የምትቆዪው። እንዲህ አድርጊ፦ እጅ ማሳረፊያ የሌለው ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ግራ እግርሽን መርገጫ ላይ አድርጊ፣ ጊታሩን ከቀኝ ጭንሽ ወደ ግራ ጭንሽ አዛውሪው። ሳጥኑ ወደ መሃል ይመጣል፣ አንገቱ ቀና ይላል፣ ትከሻሽም ይወርዳል። መርገጫውን ከዋንዛ ሠርቼልሻለሁ፤ ወንድምሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያመጣልሻል። ሳታርፊ ረጅም ሰዓት አትጫወቺ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ወንድ አያትሽን አታውቂውም፤ ሳትወለጂ ነው ያረፈው። ቤታችን ግድግዳ ላይ ሁለት ነገር ተሰቅሎ ነበር፤ በገናና ክራር። ክራሩ የሠርግና የማኅበር ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚወርደው እሱ ነበር። በገናው ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ብቻ ነበር ከተሰቀለበት የሚወርድ። 10ሩ ክሮች ከበግ አንጀት የተፈተሉ ናቸው፤ ገበቴው፣ የድምፅ ሳጥኑ ማለቴ ነው፣ ያኔ ከእኔ ደረት ይሰፋ ነበር። አያትሽ መደቡ ላይ ተቀምጦ ሲደረድረው ከክሩ ሥር ያለው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው፣ ክሩን እያነዘረ ድምፁ መደቡን ዘልቆ ይወርዳል። እኔ እዚያው መደብ ላይ በጎኔ ተኝቼ በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በጎድኔም እሰማው ነበር። እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ ነው።

ሴት አያትሽ በጠና ስትታመም በገናው ተሸጠ። ገዢው ከሩቅ የመጣ ሰው ነበር፤ በጋቢ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። እናቴም ዳነች። ለምን ሸጥክ ያለው ሰው የለም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላልኩም። ሁዳዴ ሲገባ ግን አባቴ ክራሩን አወረደና በበገናው ድምፅ ልክ ሊቃኘው ሞከረ። ክሩን አላላው፤ አሁንም አላላው። ክሩ እንደ መውደቅ ብሎ ተንጠለጠለ፤ በጣቱ ሲነካው ድምፁ ወዲያው ይሞታል። መልሶ ወጠረው፤ ሲወጠር ደግሞ የሠርጉ ድምፅ መጣበት። ብዙ ታገለ። በኋላ ክራሩን ወደ ቦታው መለሰና ኩራዙን አጠፋው። ያ ጾም ቤታችን ጭጭ እንዳለ አለፈ፤ የሚቀጥለውም እንዲሁ። እኔ የእንጨት ሙያ ሳልይዝ አረፈ። አሁን ወፍራም ዋንዛ ሱቅ በገባ ቁጥር ገበቴ የሚወጣውን ከማይወጣው በዓይኔ እለያለሁ። ቢቆይልኝ ኖሮ በገናውን ፈልፍዬ፣ ወጥሬ፣ በእጁ አስጨብጠው ነበር። ይህ ነገር ከውስጤ አይወጣም።

እሱ የሸጠው ለነፍስ ነው። አንቺን የሚያስገድድሽ ነገር የለም። ስለዚህ ትልቁን እንዳትሸጪው።

ትንሹ ጊታር የትልቁን ሥራ አይሠራም። ቅዳሜ ማታ ሦስት አራት ሰው ሲዘፍን፣ ጭብጨባው ሲደራ፣ ባስ ጊታር በሌለበት ቤት ዘፈኑን የሚሸከመው የዚያ ሰፊ ሳጥን ወፍራም ድምፅ ነው። ትንሹን በዚያ መሃል ብትመቺው ወይ አይሰማም፣ ወይ እንዲሰማ ብለሽ ስትደበድቢው ድምፁ ይቆራረጣል። ዝቅ አድርጌ ልቃኘው ብትይም ክሩ ይላላል። ትልቁም በበኩሉ የትንሹን ሥራ አይሠራም። ማይክ ፊት ስታስጠጊው ዝቅተኛው ድምፅ ይጎርፍና ድምፅሽን ይውጠዋል፤ ሌሊትም አከራይሽን ይቀሰቅሳል። ሁለቱም ይኑሩሽ።

ታናሹን ስትመርጪ ሦስት ነገር በሜትር ለኪ፤ ሜትር ይዘሽ ሱቅ መግባት አያሳፍርም።

የሆዱን ስፋት ለኪ። ማርቲን በሚባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ የድሮ አሠራር ትንንሾቹ በዜሮ ነው የሚጠሩት፤ ዜሮው በበዛ ቁጥር ሳጥኑ ይሰፋል። ባለ 1 ዜሮው 34 ሴንቲ ገደማ፣ ባለ 2ቱ 36 ገደማ፣ ባለ 3ቱ 38 ገደማ ነው። ላንቺ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ዜሮው ይበቃል። ከዚያ በታች ያለው ለጉዞ ይመቻል እንጂ ዘፈን ለማጀብ ይቀጥናል። የጉዞ ጊታር የሚሉትንማ ተይው፤ የክሩ ርዝመት 58 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ወፍራሞቹ ክሮች በወጉ አይወጠሩም።

ቀጥሎ የክሩን ርዝመት ለኪ፤ ከአንገቱ ጫፍ ካለው አጥንት እስከ ታችኛው አጥንት ማለቴ ነው። ትልቁ ላይ 65 ሴንቲ አካባቢ ነው። 63 አካባቢ የሆነ ካገኘሽ አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች፣ ፍሬቶቹ፣ ይቀራረባሉ፣ ያው ክር በዚያው ቅኝት በመቶ 4 ወይም 5 ያህል ይላላል። ሲያወሩት ትንሽ ነው፤ ባሬ ኮርድ ይዞ ክሩን ሁሉ ባንዴ የሚጫን ጣት ግን ያውቀዋል። ተጠንቀቂ፣ ሳጥኑ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ክሩ አጭር ነው ብለሽ አትመኚ። ኦ ኤም የሚባለው ቅርጽ ሆዱ የባለ 3 ዜሮው ነው፣ የክሩ ርዝመት ግን የትልቁ ነው። ያማሃም ካየሽ ኤፍ ጂ የሚለው ትልቁ፣ ኤፍ ኤስ የሚለው ታናሹ ነው፤ ኤፍ ኤስ 800 ላይ የክሩ ርዝመት 634 ሚሊ ሜትር ነው።

ሦስተኛው ጥልቀቱ ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን አይቶ ይገዛል፤ ትከሻን የሚሰቅለው ግን ጥልቀቱም ጭምር ነው። 10 ሴንቲ አካባቢ ይሁንልሽ።

ናይለን ክር ያለውን ክላሲክ ልግዛ ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ለጣት ይለሰልሳል፣ ለሌሊትም ጥሩ ነው። ነገር ግን የክሩ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 65 ሴንቲ ነው፣ አንገቱም አናቱ ላይ 52 ሚሊ ይሰፋል፤ ያንቺ 43 ነው። ለትንሽ እጅ ዕረፍት አይሆንም። ብትገዢውም የብረት ክር አታስሪበት፤ ደረቱ፣ የፊቱ እንጨት፣ ያን ውጥረት እንዲችል አልተሠራም። የጣና ሐይቅ ዳር ሆቴሎች ሙዚቀኞች ብሪጁ፣ ክሩ ደረቱ ላይ የሚታሰርበት እንጨት፣ የተነሳ ጊታር ሲያመጡልኝ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ሆኖ አገኘዋለሁ።

እንጨቱን በተመለከተ ምክሬን ስሚ። የትልቁ ደረት ስፕሩስ ነው፤ ድምፁ ጠራ ያለ፣ ሲመቱት የሚጮህ ነው። ታናሹም ስፕሩስ ከሆነ አንድ ድምፅ በሁለት መጠን ገዛሽ ማለት ነው። ማሆጋኒ ደረት ያለው ካገኘሽ እሱን አስቀድሚ፤ ሰከን ያለ ነው፣ በጣት ለሚጫወት ሰው ይስማማል። አንገቱ 14ኛው ሳይሆን 12ኛው ፍሬት ላይ ከሳጥኑ የሚገናኝም አለ፤ ብሪጁ ወደ ሆዱ መሃል ስለሚጠጋ ድምፁ ይሞቃል፣ ላይኛው ፍሬት ላይ ለመድረስ ግን ያስቸግራል። አንቺ ወደዚያ ብዙም አትወጪም።

ደረቱ ወጥ እንጨት ነው ወይስ ኮምፔንሳቶ የሚለውን ሻጭ አትጠይቂ፤ ራስሽ እይው። የቀዳዳውን ጠርዝ በስልክሽ መብራት ተመልከቺ። ከላይ የሚታየው የእንጨት መስመር ጠርዙን ታጥፎ ወደ ውስጥ ከወረደ ወጥ ነው። ንብርብር ከታየሽ ኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶ መጥፎ አይደለም፣ አየር አይጎዳውም፤ በወጥ ዋጋ እንዳይሸጡልሽ ነው። ከዚያ ወረቀት ከብሪጁ ሥር ለማስገባት ሞክሪ፤ ከገባ ኮላው ለቋል፣ ተይው። ወፍራሙን ክር 1ኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ ጫን አድርጊና መሃሉን እይ፤ በክሩና በፍሬቱ መካከል ወረቀት የሚያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ክሩ ፍሬቶቹ ላይ ከተኛ ወይም ክፍተቱ ከሰፋ አንገቱ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ዋጋ አስቀንሺበት።

ስትሞክሪው ኮርድ እየመታሽ አትፈትኚው፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጊታር ሲመታ ያምራል። የአንቺሆዬን ቅኝት በጣትሽ ቀስ ብለሽ ተጫወቺበት። እነዚያ ተጠጋግተው ያሉት ድምፆች ሳይደባለቁ ለየብቻ ከተሰሙሽ ጥሩ ጊታር ነው። ቀጥሎ ሻጩ ይጫወተውና አንቺ ፊት ለፊቱ ቁመሽ ስሚ፤ ተጫዋች የሚሰማውና አድማጭ የሚሰማው አንድ አይደለም።

የሚሆነው ሲገኝም ቢሆን ገንዘብ ጎደለኝ ብለሽ ትልቁን እንዳትሸጪው። የሁለት በርና የአንድ ቁም ሣጥን ሥራ ጨርሼ የተከፈለኝን ለዚሁ ብዬ ልኬልሻለሁ። ለኪራይ አይደለም፣ ለጓደኛ ብድርም አይደለም። ካነሰሽ ደውዪልኝ።

ወጥ እንጨት ከገዛሽ በጋውን ጠብቂው። እዚህ ሐይቁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ እንኳ ከጥቅምት በኋላ እንጨት ሲሰነጠቅ አያለሁ፤ አዲስ አበባ ከኛ ከፍታዋም ይበልጣል፣ በጋዋም ደረቅ ነው። ማሳያ ይመስል ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፤ መያዣ ሣጥኑ ውስጥ ይደር። የሳሙና ማስቀመጫ በስተሽ፣ እርጥብ ስፖንጅ ጨምቀሽ አድርጊበትና ከአንገቱ አጠገብ አኑሪው፤ ውሃ እንዳያንጠባጥብ። ለፋሲካ ስትመጪ የምታመጪው ታናሹን ነው። የአውቶቡስ ጣራ ላይ እንዳይጭኑብሽ፤ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ፀሐዩ ኮላ ያላላል። ጭንሽ ላይ ያዢው፤ ትንሽ የተገዛው ለዚህም ጭምር ነው።

ክር ስትገዢ፣ ቁጥሩ የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው፣ ለትልቁ በ12 የሚጀምረውን፣ ለትንሹ በ11 የሚጀምረውን ግዢ።

እናትሽ ሽሮና የዘጌ ቡና ልካለች። ወንድምሽ ግማሹን እንዳያስቀርብሽ ጠይቂው። የትከሻውን ነገር አልነገርኳትም፤ ሐኪም አይተሽ ራስሽ ንገሪያት።

ከመክፈልሽ በፊት የቀዳዳውን ጠርዝ፣ የብሪጁን ሥርና የአንገቱን መጋጠሚያ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ሱቅ ውስጥ ቆመሽም ቢሆን ደውዪልኝ፤ መጋዝ ላይ ብሆን እንኳ አነሳዋለሁ። ትልቁን ሊያይ የሚመጣ ገዢ ካለም ዛሬውኑ ደውለሽ ቀርቷል በዪው።

አባትሽ
ባሕር ዳር