አሮጌ የጠረጴዛ መጋዝ ሲገዛ ቀለሙ ሳይሆን ዘንጉ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እዚህ አሜሪካ ጋራዡን የእንጨት መሥሪያ ለማድረግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው አሮጌ የጠረጴዛ መጋዝ ላይ ነው። አልተሳሳተም። ርካሹ አዲስ መጋዝ ገበታው ስስ አልሙኒየም፣ ሞተሩ ጆሮ የሚያደነቁር ነው፤ በዚያው ገንዘብ ወይም ባነሰ፣ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ ባለ ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ገበታ ማሽን ከጋራዥ ሽያጭ ይገኛል። ይህን የምጽፈው ግን ገዢዎች ገንዘባቸውንም ጉልበታቸውንም ያለ ቦታው ስለሚያፈስሱ ነው። ቀለም ይቀባሉ፣ ገበታ ያብረቀርቃሉ፤ ጣት የሚያድነው ክፍል ግን ሻጩ ቤት ጥግ ላይ እንደተጣለ ይቀራል።

በብዛት የሚታየው ሲርስ የተባለው የመደብር ኩባንያ በክራፍትስማን ስም የሸጠው ነው። የሞዴል ቁጥሩ በ113 ከጀመረ የሠራው ኤመርሰን ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ ከኋላ ተንጠልጥሎ በአንድ ቺንጋ ያዞራል፤ ዲስኩን የሚሸከመውና የሚያጋድለው አካል በሙሉ ከገበታው ሥር በብሎን ታስሯል። ከዚህ ከፍ የሚለው ዴልታ በ1939 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው፣ በኋላ የሮክዌል ስም የተለጠፈበት ዩኒሶው ነው። የዚህኛው ሞተር ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ በሦስት ቺንጋ ያዞራል፤ ማጋደያውም የታሰረው ከገበታው ጋር ሳይሆን ከሣጥኑ ጋር ነው። ይህ ልዩነት ማስተካከያው ላይ ሲደረስ ብዙ ድካም ያስቀራል። ፓወርማቲክ 66ም እንደዚሁ ሣጥናም ነው። አብዛኞቹ 10 ኢንች ዲስክ በ5/8 ኢንች ዘንግ ይይዛሉ።

ሻጩ «ይሠራል» ሲል የነገራችሁ ትንሹን ነገር ነው፤ የማይዞር ሞተር ይጠገናል። ለማየት ስትሄዱ የእጅ ባትሪ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩበት ስስ የብረት ቅጠሎች) እና ስኳድራ ያዙ። መሰኪያውን ንቀሉና ከገበታው ሥር ገብታችሁ የማጋደያውን ቅስቶችና ብሎን የሚገባባቸውን ጆሮዎች ፈትሹ። ካስት አይረን ሲመታ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁንም ሰጋቱራና አሮጌ ግራሶ ስለሚሸፍነው በጨርቅ ጠርጎ ማየት ያስፈልጋል። ስንጥቅ ወይም ብየዳ ካገኛችሁ ዋጋ ሳትጠይቁ ተመለሱ። ካስት አይረን ከተበየደ በኋላ እንኳ ቅርጹ ስለሚዛባ ማጋደያው እንደ ቀድሞው አይንሸራተትም።

ቀጥሎ ቺንጋውን አውልቃችሁ ዘንጉን በእጅ አዙሩት። የመፍጨት ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው፤ ይህ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተው የሚገባው ምክንያት አይደለም። የዳዶው ጥርስ መበላቱን፣ ዲስኩ የሚደገፍበት የዘንጉ ክፈፍ መጎርበጡን ግን ልብ በሉ። ሁለቱን መዘውሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ መውጣትና መውረድ፣ እስከ 45 ዲግሪም መጋደል አለበት። ከከበደ ብዙውን ጊዜ የደረቀ የእንጨት ሙጫና ሰጋቱራ ነው፤ መዘውሩ ላይ ቧንቧ አስገብታችሁ አታስገድዱት፣ የውስጡ ጥርስ ይሰበራል።

ማስመሪያውን በሁለቱም ሰያፍ ገበታው ላይ አቁሙና ከሥሩ ፊለር ጌጅ ሞክሩ። የ0.4 ሚሊ ሜትር ቅጠል ከገባ ገበታው ለቤት ሥራም ቢሆን ጠማማ ነው። የጎን ክንፎቹ ከገበታው ጋር እኩል አለመሆናቸው አያሳስብም፤ ብሎናቸው ላልቶ በስስ ላሜራ ሽብልቅ ይስተካከላሉ። ላይ ላዩን የያዘው ዝገትም አያስፈራም፤ እንዲያውም ዋጋውን የሚሰብረው እሱ ነው። ሒሳብ የሚያናጋው ጋይዱ፣ ማለትም እንጨቱ ተደግፎት የሚገፋው ቀጥ ያለ ብረት ነው። ጋይዱ ከጠፋ ወይም ፊቱ ከተቆለፈ በኋላ ጭራው የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የቢስሜየር ዓይነት አዲስ ጋይድ አንዳንዴ ከራሱ ከማሽኑ በላይ ያስወጣል።

ክራፍትስማኑ መቶ ኪሎ፣ ዩኒሶው ደግሞ ሁለት መቶ ኪሎ ግድም ይመዝናል። ከመጫኑ በፊት ዲስኩን ወደ 90 ዲግሪ መልሱ፣ እስከ ታች አውርዱት፣ ጋይዱን፣ ክንፎቹንና ከተቻለም ሞተሩን ፍቱ። በመዘውሩ ወይም በጋይዱ ሐዲድ ይዞ ማንሳት ያጎብጣቸዋል። የዩኒሶውን ገበታ ከፈታችሁ በየብሎኑ ሥር ያሉትን ስስ ሽብልቆች በየቦታቸው ምልክት አድርጉባቸው።

ቤት ሲደርስ ከቀለም በፊት ኤሌክትሪኩ ይቅደም። የቆየ የጎማ ሽፋን ያለው ሽቦ ሲታጠፍ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፤ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ የመሬት ሽቦ አልነበራቸውም። ለ20 አምፔር መስመር 12 ጌጅ የሆነ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል አስገቡና የመሬቱን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር እሰሩት። ሞተሩ እያጉረመረመ አልነሳ ካለ ተቃጥሏል ብላችሁ አትጣሉት። ወይ የማስነሻ ካፓሲተሩ ደክሟል፣ ወይ በሞተሩ ጫፍ ባለው፣ ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ ማስነሻውን በሚያቋርጠው ሴንትሪፉጋል ስዊች ነጥቦች መካከል ሰጋቱራ ገብቷል። ካፓሲተር መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ በሬዚስተር ሳታፈስሱት እጃችሁን አታስጠጉ።

የሞተሩ ሰሌዳ 115/230 የሚል ከሆነ ወደ 230 ማዞሩ የሚስበውን አምፔር በግማሽ ይቀንሰዋል። ጉልበት ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ አይጨምርም። የሚቀንሰው በሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ስለሆነ ሞተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ብሬከርም አይጥልም። ከትምህርት ቤትና ከፋብሪካ የወጡ ዩኒሶዎች ብዙዎቹ ሦስት ፌዝ ስለሆኑ የቤት ገዢ ይሸሻቸዋል፤ ስለዚህ ይረክሳሉ። የሞተሩ ሰሌዳ 230/460 እስከሆነ ድረስ በዝቅተኛው ቮልት ታስሮ፣ ከቤቱ 240 ቮልት ሦስት ፌዝ በሚያወጣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ያለ ችግር ይሠራል።

ዝገቱን ለማንሳት ገበታውን በላምባ ወይም በቀጭን ዘይት አርጥባችሁ በምላጭ መፋቂያ በጠፍጣፋው ፋቁ፣ ከዚያ በ220 እና በ400 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት በጣውላ ጠቅልላችሁ እሹት። ባለ ቺንጋ የብርጭቆ ወረቀት ማሽን ገበታ ላይ እንዳይደርስ፤ በደቂቃ ውስጥ ጉድጓድ ያወጣል፣ ጉድጓዱም አይመለስም። ትንንሽ የብረት ዕቃዎችን በኤሌክትሮሊሲስ ማጽዳት ይቻላል፦ በአራት ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት፣ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር፣ ኔጌቲቩ ከሚጸዳው ዕቃ፣ ፖዘቲቩ ከተራ ፌሮ ጋር። በፌሮው ፈንታ አይዝጌ ብረት ከገባ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ይወጣል። የሚፈላው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ በደጅ ይሁን፤ የአልሙኒየምና የዚንክ ዕቃም አይግባበት። ገበታው ሲደርቅ ሲሊኮን የሌለው የሰም ቅባት ይቀባ፤ ሲሊኮን እንጨቱን ከነካ በኋላ ቫርኒሽ አይዝም። ማጋደያውና ጥርሶቹም ይኸው ሰም ወይም ግራፋይት ይበቃቸዋል። ግራሶ ሰጋቱራ ይሰበስብና ማሽኑን ያመጣበት በሽታ ላይ ይመልሰዋል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ፦ በአሜሪካ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ቀለም በደረቁ አይፋቅ፤ አቧራው የሚያርፈው ልጆች የሚጫወቱበት ጋራዥ ነው።

ኩሽኔታ ስትቀይሩ ቁጥሩን ከጎኑ አንብቡ እንጂ በግምት አትግዙ። 6203 የሚል ከሆነ ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ መጨረሻው 2አርኤስ የሚለውን ምረጡ፣ በሁለቱም በኩል ጎማ ስላለው ሰጋቱራ አይገባበትም። ወደ ዘንጉ ሲገባ የሚመታው የውስጡ ቀለበት፣ ወደ መቀመጫው ቤት ሲገባ የውጪው ቀለበት ብቻ ነው። ሌላውን ቀለበት ከመታችሁ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መሄጃቸውን ያጎደጉዳል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ከመጀመሪያው ቀን ይጮኻል። ሲገጠም የዘንጉ ክፈፍ እየዞረ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ለኩ። 0.025 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው፤ ስህተቱ በዲስኩ ጠርዝ ላይ አራትና አምስት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ዳዶው እምቢ ካለ ደግሞ ቁልፉን የዲስኩ ጥርሶች ወደሚያዩበት፣ ማለትም ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ በተቃራኒው መግፋት ያጠብቀዋል።

ለዓመታት በአንድ ቦታ የቆመ ቺንጋ የፑሊውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ማሽኑ ሲርገፈገፍ ብዙዎች ዘንጉን የሚጠረጥሩት በከንቱ ነው። የዩኒሶው ሦስቱም ቺንጋዎች አንድ ላይ ይቀየሩ፤ አዲስና አሮጌ ከተደባለቀ ሸክሙን የሚሸከመው አንዱ ብቻ ይሆናል።

ማስተካከያው የሚጀምረው ዲስኩን ገበታው ላይ ከተቆረጠው ቦይ ጋር ትይዩ በማድረግ ነው። አንድ ጥርስ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከፊት በኩል ከቦዩ ያለውን ርቀት ለኩ፣ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙራችሁ ድጋሚ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሌላ ጥርስ ከተለካ የሚነበበው የዲስኩ ጠመዝማዛነት እንጂ የማሽኑ አይደለም። በዩኒሶው ላይ የገበታውን ብሎኖች አላልቶ ገበታውን በጎማ መዶሻ መንካት ነው። በክራፍትስማኑ ከሥር ተኝቶ የማጋደያውን ብሎኖች አላልቶ መታገል ነው፤ ትዕግሥት ይኑራችሁ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ እንደገና ይንሸራተታል። ጋይዱ ከዲስኩ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ወይም ከኋላ በኩል እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ከኋላ ከጠበበ እንጨቱ በዲስኩና በጋይዱ መካከል ይነከስና ያቃጥላል፣ ከዚያም ወደ ሠሪው ይወረወራል።

እዚህ ላይ ነው የተነሳሁበት ጉዳይ። ከዲስኩ ጀርባ የሚቆመው የብረት ምላስ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ እንዳይገጥምና የሚነሱትን የኋላ ጥርሶች እንዳይነክስ ይከለክላል። በአሮጌ ማሽኖች ላይ ዲስኩን ከሚሸፍነው ክዳን ጋር ስለተያያዘ ክዳኑ ሲያስቸግር ሁለቱም ተነቅለው ይጣላሉ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እንደሚለው በጠረጴዛ መጋዝ ዲስክ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል የሚገቡት በዓመት ከ30,000 በላይ ናቸው። ጣት ሲነካው ዲስኩን የሚያቆመው የሶውስቶፕ ዘዴ አሮጌ ማሽን ላይ አይገጠምም፤ ምላስ ግን ይገጠማል። ውፍረቱ ከዲስኩ አካል የሚበልጥ፣ ዲስኩ ከሚቆርጠው ስፋት የሚያንስ መሆን አለበት። ጥርሱ 3.2፣ አካሉ 2.4 ለሆነ ዲስክ 2.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት ይሆናል። 2.4 የሚቆርጥ ቀጭን ዲስክ ከገዛችሁ ያው ምላስ እንጨቱን ያስቆማል፤ ሰዎች ተናደው የሚነቅሉትም በዚህ ጊዜ ነው። ከጥርሶቹ ያለው ርቀት ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቀጥሎ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ የማይነሳበት፣ እጅ ሳያስፈልግ በእግር ጉልበት ተገፍቶ የሚጠፋ ትልቅ ቀይ ማጥፊያ ያለው ማግኔታዊ ስዊች ይገጠም። ሁለቱ ሳይገጠሙ ቀለም የሚገዛ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

ማሽኑን በኮንቴይነር ወደ አገር ቤት ለሚልኩም አንድ ሒሳብ አለ። እዚህ 60፣ ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። በደቂቃ 3450 የሚዞረው ሞተር እዚያ 2875 ይዞራል፤ የ230 ቮልት ሲንግል ፌዝ ሞተር ከሆነ ከ220 ቮልት 50 ኸርዝ ጋር ሲገናኝ ከልኩ በላይ ይግላል። ክራፍትስማን ላይ ሞተሩን እዚሁ ትታችሁ አዲስ አበባ 50 ኸርዝ ሞተር መግዛትና የሞተሩን ፑሊ ዲያሜትር በ20 በመቶ ማሳደግ የዲስኩን ፍጥነት ይመልሳል። የዩኒሶው ሞተር የራሱ ማሰሪያ ስላለው ለ50 ኸርዝ ማስጠቅለል ይሻላል። እዚህ የሚናቀው ሦስት ፌዝ ግን እዚያ ይከበራል፦ 230/460 ሞተር በ460 ታስሮ ከ380 ቮልት 50 ኸርዝ ጋር ሲገናኝ የቮልቱና የኸርዙ ምጣኔ ከሞላ ጎደል እኩል ስለሚሆን አይግልም፤ ፍጥነቱና ጉልበቱ ብቻ አንድ ስድስተኛ ይቀንሳሉ። ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ላለው ወርክሾፕ ከዚህ የተሻለ የሚላክ የለም። ዲስኮችንም አብራችሁ ጫኑ፤ የዘንጉ ውፍረት 15.9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ባለ 30 ሚሊ ቀዳዳ ዲስክ በልኩ የተቆረጠ ቀለበት ካልገባበት መሐሉን ስቶ ይዞራል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ