ነፃነቱ ለሻይ ለቃሚዎቹ አልደረሰም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ ስለ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ነፃነት «የሰመረ ሽግግር» ሲል የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። አገሪቱ ያለ ጦርነት ከእንግሊዝ እጅ መውጣቷ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የሻይ እርሻ ሠራተኞቹ ጉዳይ በአንድ መስመር እንኳ ሳይነሳ መታለፉ ከንክኖኛል።

እኔ ሰበታ ውስጥ በማታው ክፍለ ጊዜ ታሪክ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ቀኑን በአበባ እርሻ ውለው የሚመጡ ሴቶች ናቸው፤ ደብተራቸውን ሲገልጡ የጽጌረዳ እሾህ የቧጨረው ጣታቸው ይታያል። ስለ ሲሎን ሳስተምር አንዷ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ነፃ ሲወጡ ለቃሚዎቹስ መረጡ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እንግሊዞች የቡና ተክሉ በበሽታ ከጠፋባቸው በኋላ ደጋውን ሻይ ያለበሱት ከደቡብ ሕንድ በመጡ፣ በካቦ እየታዘዙ በአንድ ረድፍ በተሠሩ ጠባብ ክፍሎች በሚኖሩ ታሚሎች ጉልበት ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ ወንድና ሴት የመምረጥ መብት ሲሰጥ፣ የነዋሪነት ማስረጃ እየተጠየቁም ቢሆን እነርሱም መምረጥ ጀመሩ፤ በ1947 ምርጫም ወኪሎቻቸው የምክር ቤት መቀመጫዎች አሸነፉ። በሌሎች ወረዳዎች ደግሞ ድምፃቸው ወደ ግራ ዘመም ፓርቲዎች ማዘንበሉ ገዢውን ወገን አስግቶት ነበር።

ነፃነት የታወጀው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1948 ነው። ዓመቱ ሳያልቅ የወጣው የዜግነት ሕግ ግን አባቱ፣ አለዚያም አያቱና ቅድመ አያቱ በደሴቲቱ መወለዳቸውን እንዲያስረዳ እያንዳንዱን ሰው ጠየቀ። የልደት ወረቀት ብርቅ በሆነበት እርሻ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? አብዛኞቹ አገር አልባ ሆኑ፤ በ1949 ደግሞ በቅኝ ግዛት ዘመን የነበራቸውን የመምረጥ መብት በነፃይቱ አገር ምክር ቤት ተነጠቁ።

በ1964 የሲሎንና የሕንድ መሪዎች 525,000ው ወደ ሕንድ እንዲሄዱ፣ 300,000ው እንዲቀሩ ሲስማሙ ሠራተኞቹን የጠየቀ አልነበረም። አገር አልባነቱን ለመዝጋት የታሰበው ሕግ የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ራስን በራስ ማስተዳደር የሚባለው ነገር የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ በእጁ ለቅሞ የሚያስገባውን ሰው ካላካተተ፣ ጽሑፋችሁ «የሰመረ ሽግግር» ማለቱ ከምን ተነስቶ እንደሆነ አልገባኝም።

ይህን የታሪኩን ክፍል በሚቀጥለው እትም እንድታወጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሲወጣ ጋዜጣውን ይዤ ክፍል እገባለሁ፤ የልጅቱን ጥያቄ እስካሁን በቅጡ አልመለስሁላትም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከሰበታ