የሳንባ ካንሰር የጨረር ሕክምና ፕላናችሁን ለምን ቶሎ አንመልስም?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰናል። የጡቱንና የፕሮስቴቱን ፕላን በዕለቱ ፈትሻችሁ ትልኩልናላችሁ፣ የሳንባው ሲሆን ግን ሁለት ቀን ይቆያል፣ አንዳንዴም ምስል ጨምሩ ብላችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ለምን? የሚል ነው። ቅሬታችሁ ይገባናል፤ ታካሚ እየጠበቀ ነው። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከማስረዳት ለሁላችሁም አንድ ላይ ብንጽፈው ይሻላል አልን።

መነሻው የዶዙ፣ የጨረሩ መጠን ነገር ነው። በተለመደው አሰጣጥ 60 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ30 ቀጠሮ፣ በየቀኑ 2 ግሬይ እየተደረገ ይሰጣል። ትንሽና ያልተሰራጨ ዕጢ ላይ በሚያነጣጥረው ሕክምና ግን 54 ግሬይ በ3 ቀጠሮ ሊያልቅ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ 18 ግሬይ ማለት ነው። ከ30ው በአንዱ ቀን ታካሚው ትንሽ ቢዛነፍ የቀሩት 29 ያካክሱታል። ከ3ቱ አንዱ ከሳተ ግን የሕክምናው ሲሶ ሄደ፣ ያውም ጤነኛው ሳንባ ላይ አርፎ።

ትልቁ ጣጣ ትንፋሽ ነው። በቅርቡ የደረሰን አንድ ፕላን ነበር። ዕጢው ከድያፍራም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በታችኛው የሳንባ ክፍል ላይ ነው። አብሮት የመጣው ታካሚው እየተነፈሰ የተነሳ አንድ ተራ ሲቲ ብቻ ነው። ምስሉን ከጎን ስናየው የዕጢው ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጧል፤ ማሽኑ አንዱን ቁራጭ አየር ሲገባ ሌላውን ሲወጣ ስላነሳው ነው እንጂ ዕጢው እንዲህ ዓይነት ቅርፅ የለውም። ፎር ዲ ሲቲ፣ ማለትም ዕጢው ከትንፋሽ ጋር ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ ምስል፣ ይነሳልን አልን። ትንፋሹ በ10 ደረጃ ተከፍሎ ሲታይ ዕጢው ላይና ታች 14 ሚሊሜትር ይመላለሳል። ፕላኑ ላይ በዙሪያው የተተወው 5 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ይሄን አይተን ዝም ብለን ልናሳልፍ አንችልም። እንቅስቃሴው ከ5 ሚሊሜትር ካለፈ ሆድን መጫን፣ ትንፋሽ ማስያዝ ወይም ጨረሩን ከትንፋሹ ጋር ማብራትና ማጥፋት ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለተኛው ስሌቱ ነው። ሳንባ አየር የሞላው ስለሆነ ጥግግቱ ከውኃ ሲሶ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ጨረሩ የሚያስነሳቸው ኤሌክትሮኖች እዚያ ውስጥ ርቀው ይሄዳሉ፣ የጠባቡ ጨረር ጠርዝም ይሳሳል። ቀለል ያለው የስሌት ዘዴ ይሄን አያይም፤ ስክሪኑ ላይ ዕጢው ሙሉ ዶዝ ያገኘ መስሎ ይታያል፣ ዳሩ ግን ጎድሎበታል። አርቲኦጂ 0236 የተባለውን ጥናት ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ ከ3 ዓመት በኋላ 97.6 በመቶ የዋናውን ዕጢ ቁጥጥር (ዕጢው በቦታው እንደገና አለማደጉን) ያሳየው። መጀመሪያ የታዘዘው 3 ጊዜ 20 ግሬይ ነበር፣ የሳንባው ጥግግት ሳይታረም። በደንብ ሲሰላ 18 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እኛ እያንዳንዱን ፕላን በሞንቴ ካርሎ፣ የየቅንጣቱን ጉዞ በሚከተለው የስሌት ዘዴ፣ በ2 ሚሊሜትር ፍርግርግ እንደገና እናሰላዋለን። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

ዕጢው ከዋናው የአየር ቧንቧና ከቅርንጫፎቹ በ2 ሳንቲሜትር ውስጥ ከሆነና 3 ቀጠሮ ከተጻፈበት ሳንደውል አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሪፖርት እንደዚህ ያሉ ታካሚዎች ላይ ከባድ ጉዳት በርክቶ መታየቱን ካሳወቀ በኋላ፣ ለመሃለኛ ዕጢ 5 ቀጠሮና ከዚያ በላይ መከፋፈል ተለምዷል። ውሳኔው የሐኪማችሁ ነው፤ እኛ ግን ማንሳት አለብን።

ማሽኑንም እንጠይቃለን። በጠባብ ጨረር ላይ ትልቅ አዮን ቻምበር (የጨረር መለኪያ) ካስቀመጣችሁ ዶዙን ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ በትንሽ ዳዮድ ወይም በማይክሮዳይመንድ ለኩልን። ምስሉ የሚያሳየውና ጨረሩ የሚያርፍበት ነጥብም ከ1 ሚሊሜትር በላይ መራራቅ የለበትም።

እናም ከእንግዲህ ፕላኑን ስትልኩ ሁሉንም የፎር ዲ ሲቲ ደረጃዎች አያይዙልን፣ አማካዩን ብቻ አይደለም። በሚንቀሳቀስ ፋንተም (በታካሚው ፋንታ በሚቀመጥ መሞከሪያ) ከሲቲው እስከ ጨረሩ ድረስ ያደረጋችሁትን የመጨረሻ ፍተሻ ውጤትም ጨምሩበት። ፋንተም የሌላችሁ ንገሩን፣ የእኛን ይዘን እንመጣለን። የተሟላ ፋይል ከቀትር በፊት ከደረሰን ስሌቱን በዚያው ምሽት እናስጀምረዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የፕላን ፍተሻ ቡድኑ