ለባሕር ሣርም ፊት ይሰጠው

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የአካባቢ ጥበቃ ገጻችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ ግን የስብሰባና የፐርሰንት ወሬ ስለሚበዛበት እዚህ ጣልያን ያለ አንድ ነገር ልንገራችሁ ብዬ ነው። ቶስካና ውስጥ ታላሞኔ የምትባል የወደብ መንደር አለች፣ እዛ ፓውሎ ፋንቹሊ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ፖሲዶኒያ የተባለውን የባሕር ሣር ለማዳን ስንት ዓመት ታግሏል መሰላችሁ። እኛ የውሃ ተክል ሲባል ቶሎ የሚመጣብን የጣና እምቦጭ ስለሆነ ይነቀል ነው የምንለው፣ ይሄ ግን ተቃራኒው ነው፣ አልጌም አይደለም፣ ሥር አለው፣ ያብባል፣ ያፈራል፣ ትንንሾቹ ዓሦች ተደብቀው የሚያድጉት እሱ ውስጥ ነው፣ ካርቦንም ከሥሩ አፈር ውስጥ አምቆ ይይዛል። የሚስፋፋው ደሞ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ነው፣ እና ማታ ማታ በሕገወጥ መንገድ የሚመጡ ጀልባዎች ከባድ መረባቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ እንደ ማረሻ ገልብጠውት ይሄዳሉ።

ሰው ግን አያየውም እኮ! የሚያየው ቅጠሉ ረግፎ ማዕበል ባሕር ዳር ሲከምረው ነው፣ ቡናማ፣ ሲበሰብስ የሚሸት፣ ያኔም ቆሻሻ ነው ጥረጉልን ነው የሚለው፣ ያ ክምር አሸዋው በማዕበል እንዳይጠረግ የሚጠብቅ መሆኑን ማን ልብ ይለዋል?

መጀመሪያ ላይ መረብ እንዲያስቆም ኮንክሪት ተጥሎ ነበር፣ ስለ ኮንክሪት ደሞ ማንም አያወራም። በኋላ ፋንቹሊ ካራራ ላለ የእብነ በረድ ካባ ባለቤት ሁለት ድንጋይ ስጡኝ ብሎ ሲጠይቅ 100 ሰጡት፣ ቀራፂዎች ከነሱ የተወሰኑትን ቀረጹ፣ ባሕር ውስጥ ገቡ። እንግሊዛዊቷ ቀራፂ ኤሚሊ ያንግ በፈረንጆቹ 2015 ያስገባቻቸው ትልልቅ የሰው ፊቶች አሉ፣ አሁን ጉንጫቸው ላይ አልጌ በቅሎበታል፣ መረብ የጣለ ደሞ ድንጋዩ ይይዝበታል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር መረቡን መያዙ አይደለም፣ ቅርጹን ለማየት የሚጠልቅ ሰው ሣሩንም አይቶ መውጣቱ ነው፣ ለሣር ግድ ያልነበረው ሁሉ አሁን ስለ ፖሲዶኒያ ያወራል።

እና እባካችሁ የአለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ልጆችን ገጻችሁ ላይ ጋብዟቸው፣ ጣና ዳር እየተመናመነ ያለውን ደንገል ለሰው እንዴት ነው የምታሳዩት በሏቸው፣ ዓሣው የሚራባው እዛም እኮ ነው። መልሳቸውን ከነሥዕሉ በትልቁ አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሮም